ቅንጬ አረምን ስለ መንቀልና የሚነቅለውን ሰው ጤና ስለ መጠበቅ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ የጣርማ በርን ብርድ አልፎ፥ ደብረ ሲናን ወደ ኋላ ትቶ ወደ ይፋት ቆላ በወረደ ጊዜ፥ ከሙቀቱ ቀጥሎ ዓይኑን የሚስበው በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ባለ ነጭ አበባ ተክል ነው። በአስፋልቱ ዳር፥ በማሽላውና በማሾው ማሳ ድንበር፥ በቦይ አፋፍ፥ በገበያ ጥግ፥ በትምህርት ቤት አጥር ሥር ሳይቀር ይበቅላል። ለማያውቀው ሰው የመስክ ጌጥ ይመስለዋል። ባላገሩ ግን ቅንጬ አረም ብሎ ይጠራዋል፤ ስሙን ያገኘው ጥቃቅኑና ነጩ አበባ የተከካ ቅንጬ ስለሚመስል ይሆናል ብለን እንገምታለን። በምሥራቅ ሐረርጌ ያሉ የኦሮሞ ገበሬዎች ፈረምሲሳ ይሉታል፤ ይኸውም መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ እንደ ማለት ነው። ስም ማውጣት የሚያውቅ ሕዝብ መሆናችንን ይህ አንድ ቃል ይመሰክራል።

አረሙ የአገራችን ተወላጅ አይደለም። ጥንተ መኖሪያው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያለው ሞቃት የአሜሪካ ክፍል ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በህንድ አገር በፑና ከተማ፥ በአውስትራልያም በኩዊንስላንድ ግዛት ታየ። ወደ ኢትዮጵያ የገባበትን ሁኔታ የመረመሩ ሊቃውንት ሁለት አሳብ ያቀርባሉ። አንዳንዶቹ በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ከመጡ ተሽከርካሪዎች ጋር ገባ ይላሉ፤ ሌሎቹ ለረሀብ ጊዜ እርዳታ ከተላከው እህል ጋር ተቀላቅሎ መጣ ይላሉ። በ1980 በድሬዳዋና በሐረርጌ አካባቢ መታየቱ፥ ኋላም የእርዳታ እህል ይታደልባት በነበረችው በኮምቦልቻ ዙሪያ መብዛቱ ለሁለቱም አሳቦች ድጋፍ ይሆናል። ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ለመተላለፍ የመኪና ጎማ ጭቃ፥ የከብት ሰኮናና ጎርፍ ይበቁታል።

የአረሙ ኃይል በፍሬው ብዛትና በአበቃቀሉ ፍጥነት ላይ ነው። አንዱ ተክል ብቻውን ከ10,000 በላይ ፍሬ ሊሰጥ ይችላል፤ ፍሬውም ከጤፍ ጥቂት ቢበልጥ ነው። በአፈር ውስጥ ተቀብሮ አያሌ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። ርጥበት ባገኘ ጊዜ በልግ ነው ክረምት ነው ሳይል ይበቅላል፤ በበቀለ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜም ያብባል። ከራሱ በሚያወጣው መርዝ በአጠገቡ ያለውን ተክል ያቀጭጨዋል። በሐረርጌ በማሽላ ላይ በተደረገ ጥናት፥ ወቅቱን ሙሉ ሳይታረም የቀረ ማሳ ምርቱ ከ40 እስከ 97 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል።

ይህን ያህል ስለ እርሻው ከተናገርን፥ የቀረውን ለግብርና ባለሙያዎች ትተን ወደ ጤናው ጉዳይ እንመለስ። በቅንጬ አረም ውስጥ የሰውን ቆዳ የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር አለ። የሚያታልለውም ጠባዩ ይህ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ምንም ጉዳት አያሳይም። ሰውየው ዘንድሮ ነቅሎ ደኅና ይገባል፤ በከርሞም ነቅሎ ደኅና ሊገባ ይችላል። በዚህ መካከል ግን ሰውነቱ ያንን ንጥረ ነገር እንደ ጠላት አድርጎ ይመዘግበዋል። ከዚያ በኋላ ጥቂት በነካው ቁጥር፥ አንዳንድ ጊዜም የደረቀው አረም ብናኝ በነፋስ ሲመጣበት፥ የዓይኑ ቆብ ያብጣል፤ ፊቱ፥ አንገቱና የክንዱ መታጠፊያ ይቀላል፥ ያሳክካል፥ ይቆስላል። አንድ ጊዜ እንዲህ የሆነ ቆዳ ለብዙ ዓመታት እንደዚሁ ይኖራል። በህንድ አገር ያሉ የቆዳ ሐኪሞች ይህን በሽታ ጠንቅቀው ያውቁታል፤ በውጭ አገር በትምህርት ላይ በነበርንበት ጊዜ ያነበብናቸውም መጻሕፍት ዋናውን ምሳሌ የሚወስዱት ከዚያው አገር ነው። የአበባው ብናኝ ደግሞ ወደ አፍንጫና ወደ ሳንባ ሲገባ ማስነጠስን፥ የዓይን ማልቀስን፥ አስም ላለበትም ሰው የትንፋሽ ማጠርን ያስከትላል።

ላምም መኖ አጥታ ቅንጬ አረም የበላች እንደ ሆነ ወተቷ ይመራል፤ ይህን ለይፋት ባላገር ማስተማር አያሻንም። ብዙ የበላ ከብት ሊሞት እንደሚችል በህንድ አገር በተደረገ ሙከራ ታውቋል።

ለቆላው ነዋሪ አንድ ተጨማሪ ነገር እናንሣ። የወባ ትንኝ በደም ብቻ የምትኖር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እርሷ ግን ከተክል የምታገኘውንም ጣፋጭ ፈሳሽ ትመገባለች። በኬንያ የተደረገና በ2015 የታተመ ምርምር እንዳመለከተው፥ የወባ ትንኝ ከቅንጬ አረም ተመግባ መኖር ትችላለች። ይህን ስንል አረሙ ከተነቀለ አጎበርና የቤት ርጭት አያስፈልግም ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ያስተውል።

እንግዲህ የይፋት ሰው ምን ያድርግ? ሥራውንስ ከጀመረው ቆይቷል። ጎረቤት ለአጨዳ በደቦ እንደሚጠራራ ሁሉ፥ አረሙንም በደቦ መንቀል የተለመደ ነው፤ ወጣቶች በበጎ ፈቃድ ይወጣሉ፥ ተማሪዎችም በመምህራን መሪነት ይሰለፋሉ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሳንናገር ልናልፈው የማንችለው ጉድለት አለ። ዘመቻው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው ሜዳው ሲነጣ ነው፤ ዓይን የሚያየው ያን ጊዜ ነውና። ሜዳው ከነጣ በኋላ ግን ነቃዩ በእጁ የሚይዘው ፍሬውን ያዘጋጀ ተክል ነው፤ እየነቀለ ያራግፈዋል፥ ተሸክሞ ሲሄድም በመንገድ ይዘራዋል፥ ብናኙንም ይተነፍሰዋል። ከዚህም የከፋው፥ ባዶ እጃቸውን፥ ባጭር እጅጌ ልብስ የሚወጡት ሕፃናት መሆናቸው ነው።

በዚህ ነገር ከአውስትራልያ ሕዝብ የምንማረው አለ። በ1935 የሸንኮራ አገዳን ተባይ ያጠፋል ተብሎ 100 የሚያህል ትልልቅ ጉርጥ ከሃዋይ ወደ ኩዊንስላንድ ተወሰደ። ጉርጡ ተባዩን ትቶ ራሱ መቅሠፍት ሆነ፤ ሴቲቱ በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ እንቁላል ትጥላለች፥ ቆዳውም መርዝ ስላለው የሚበሉት አውሬዎች ይሞታሉ። ዛሬ በጎ ፈቃደኞች በሌሊት ፋኖስና ከረጢት ይዘው፥ በእጃቸው ጓንት አጥልቀው ይለቅሙታል። ቆየት ብሎ የተገነዘቡት ግን ያደገውን ጉርጥ መልቀም ብቻ እንደማይበቃ ነው፤ ስለዚህ ከእንቁላል የወጣውን ግልገል በኩሬው ሳለ የሚይዝ ወጥመድ አበጁ። ለእኛ አረም ኩሬው ያላበበው ቡቃያ ነው።

ቡቃያውን ለይቶ ማወቅ አያስቸግርም። ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተተለተለ ሲሆን፥ ግንድ ሳያወጣ በመሬት ላይ ክብ ሆኖ ይነጠፋል። መምህራን አንዱን ቡቃያ በወረቀት መካከል አድርቀው በክፍል ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉት ተማሪው ከወላጁ ቀድሞ ያውቀዋል። ዝናቡ ከጣለ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፥ መሬቱ ገና ርጥብ ሳለ፥ ከነሥሩ ይነቀል፤ ከላይ ከተቆረጠ መልሶ ያቆጠቁጣል። አንድ ቀን ብቻ ወጥቶ መመለስ ዋጋ የለውም፤ በአፈር የተቀበረው ፍሬ በየዝናቡ ስለሚበቅል በየሦስት ሳምንቱ ያንኑ ቦታ መጎብኘት ያስፈልጋል። መስኖ ባለበት ማሳማ ይህ ሥራ በጋም አይቋረጥም። የጸዳውም ቦታ ባዶውን እንዳይቀር ሣር ይተከልበት።

የሚነቅለው ሰው ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ይልበስ፥ ጓንት ያጥልቅ፥ አፍንጫውንና አፉን ይሸፍን። ጓንት የታጣ እንደ ሆነ የላስቲክ ከረጢት በእጅ ላይ ማሰር ከባዶ እጅ ይሻላል። ሥራው ሲያልቅ እጅንና ፊትን በውሃና በሳሙና መታጠብ፥ ልብስን መለወጥ ይገባል፤ ሳይታጠቡ ዓይንን ማሸት ክልክል ነው። አስም ያለበት ወይም ከዚህ በፊት ያሳከከው ሰው ከቶ አይውጣ፤ ቢፈልግ ውሃ ያቅርብ፥ መዝገብ ይያዝ። ያሳከከውም ሰው ቅጠል አሽቶ ከመቀባት ተቆጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ያላበበው ቡቃያ ለብስባሽ ፍግ ይሆናል። ያበበውን ግን አዋቂዎች ብቻ በጥንቃቄ ነቅለው፥ በከረጢት ከተው፥ እዚያው አጠገብ በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩት። ለከብት አይሰጥ፤ የቤት መጥረጊያም አይሁን፤ በመኪና ተጭኖም ወደ ሌላ ቀበሌ አይወሰድ።

አረሙን የሚበላ ጢንዚዛ ከተገኘ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል የሚል አንባቢ ይኖራል። ጢንዚዛው በእርግጥ አለ፤ የሜክሲኮ ተወላጅ ሲሆን፥ በአምቦ ተለይቶ በተጠበቀ ስፍራ ከተፈተነ በኋላ በ2016 በወለንጪቲ ተለቋል። ፈተናው የተራዘመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቅንጬ አረም ዘመድ የሆነውን ኑጋችንን እንዳይበላ ማረጋገጥ ግድ ስለ ነበረ ነው። ጉርጡን ወደ አውስትራልያ የወሰዱት ሰዎች እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አላደረጉም። ነገር ግን ጢንዚዛ ቅጠል ይበላል እንጂ በአፈር ያለውን ፍሬ አይለቅምም።

ስለዚህ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢዋ ያላችሁ መምህራን፥ የትምህርት ቤታችሁን ግቢ ዙሪያ ከሚመጣው ዝናብ በፊት እየዞራችሁ አረሙ ያለበትን ስፍራ በካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። ከተማሪዎቻችሁም መካከል አስም ያለባቸውን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆናችሁ አስቀድማችሁ መዝግቡ፤ የነቀላው ቀን ሲደርስ ማን እንደሚወጣና ማን እንደሚቀር ከዚያ መዝገብ ይታወቃል።