ያረጀ ጉልበት ታጥቦ አይታደስም

በዕድሜ ልም አጥንቱ የሳሳ ጉልበት ሲያም ብዙ ሰው «በካሜራ ገብታችሁ እጠቡልኝ» ይላል። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ የሂዩስተን ጥናት፣ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ (የልም አጥንት መሳሳት) ያለባቸው 180 ታካሚዎች በዕጣ ተመድበው ለከፊሎቹ መገጣጠሚያቸው በአርትሮስኮፒ (ወደ መገጣጠሚያው በሚገባ ካሜራ) ታጠበ ወይም ተጠረገ፤ ለቀሩት ቆዳቸው ብቻ ተሰንጥቆ ተሰፋ። በ2 ዓመት ክትትል የታጠቡትም ሆኑ የተጠረጉት ቆዳቸው ብቻ ከተሰነጠቀባቸው የተሻለ ውጤት አላገኙም።

«እኔን ግን አሽሎኛል» የሚል አይጠፋም። ቆዳቸው ብቻ የተሰነጠቀባቸውም ሕመሙ ቀሎልናል ብለዋል፤ በሽታው በባሕርዩ አንዴ ይብሳል፣ አንዴ ይረግባል፤ ታክሜያለሁ ብሎ ማመንም ያግዛል። «የሳሳ ጉልበት ማንቀሳቀስስ አይጎዳውም?» ለሚሉ ደግሞ መልሱ አይጎዳውም ነው፤ የጭን ጡንቻ ሲጠነክር የመገጣጠሚያውን ጫና ይጋራል። ስለዚህ ቀስ በቀስ የሚጨምር የአካል እንቅስቃሴ፣ ክብደት ለበዛበትም ክብደት መቀነስ፣ ቀዳሚው ሕክምና ነው። ይህ ማለት ግን ቀዶ ሕክምና ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ በተቀደደ ሜኒስከስ (በጉልበት ውስጥ ባለ ትራስ መሰል ልም አጥንት) ተቆልፎ አልዘረጋ ያለን ጉልበት አርትሮስኮፒ ሊፈታው ይችላል፤ ልም አጥንቱ አልቆ እንቅልፍ የሚነሳ ሕመምም ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ሊጠይቅ ይችላል። ጉልበትዎ ድንገት አብጦ ትኩሳት ካለዎት ግን በዚያው ቀን ይታዩ።