ጎርፍን ወደ ማሳ የመራው የማሪብ ግድብ

ግድብ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ከጀርባው የተኛው ሐይቅ ነው። በየመን፣ በሳባውያን መዲና በማሪብ አጠገብ የነበረው ጥንታዊ ግድብ ግን ዋና ተግባሩ ውኃ ማጠራቀም አልነበረም። ድንገት የሚወርደውን ጎርፍ ገትቶ ከፍታውን በመጨመር ወደ እርሻ ይመራው ነበር።

ማሪብ በረሃ ጫፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። የራሷ ዝናብ እህል አያበቅልም። በምዕራብ በኩል ባሉት ደጋዎች ግን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በክረምት ይዘንባል፤ ውኃውም ተሰብስቦ በዋዲ ዳና በኩል ይወርዳል። ሳባውያን ሸለቆው ከተራሮቹ በሚወጣበት ጠባብ ቦታ 600 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ 15 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ሠርተው ፊቱን በድንጋይ አለበሱት። በሰሜንና በደቡብ ጫፎቹ ከዐለቱ ጋር የተያያዙ፣ በተጠረበ ድንጋይ የታነጹ ሁለት የውኃ በሮች ቆሙ። ውኃው ከፍ ሲል በእነዚህ በሮች ገብቶ በዋና ቦዮች፣ ከዚያም በትናንሽ ቦዮች ለየማሳው ይከፋፈላል። በዚህ መንገድ 9,600 ሄክታር ያህል መሬት ይለማ ነበር። ቁርኣን በሱረቱ ሰበእ በቀኝና በግራ ስለነበሩት የሳባ ገነቶች ሲናገር የሚጠቅሰው ይህንኑ ምድር ነው።

ውኃው የሚጠበቀው ከአማልክት ነበር። የማሪብ ታላቅ አምላክ አልመቃህ ሲሆን፣ በራን በተባለው ቤተ መቅደሱ ግቢ መካከል ጉድጓድ ተቆፍሯል። ሐራም ከምትባል ሌላ የደቡብ ዓረቢያ ከተማ የተገኘ አንድ ጽሑፍ ይበልጥ ይገርመኛል፤ የአካባቢው ሕዝብ ለአምላኩ ማድረግ የነበረበትን ሥርዓታዊ አደን በወሩ ሳያደርግ ቀርቶ የመስኖ ውኃው እንዳነሰበት በድንጋይ ላይ ጽፎ ይናዘዛል። የአልመቃህ አምልኮ ወደ እኛም ተሻግሯል፤ በውቅሮ አቅራቢያ በመቃብር ጋዕዋ ለእርሱ የተሰጠ፣ የመሥዋዕት ፈሳሽ የሚወርድበት ባለ ጽሑፍ መሠዊያ ተገኝቷል።

ማሪብን ያበለጸገው ጎርፍ ችግሯንም ይዞ ይመጣ ነበር። ውኃው ደለል ተሸክሞ ይወርዳል፤ ደለሉ ማሳውን እያዳበረ ከፍ ያደርገዋል። በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ በአንዳንድ ቦታ የተከማቸው ደለል ከ15 ሜትር በላይ ደርሷል። ማሳው በጨመረ ቁጥር ውኃው እንዲደርሰው ግድቡም መጨመር ነበረበት፤ ግድቡ ባደገ ቁጥር ደግሞ ጎርፍ ሲሰብረው ጉዳቱ ይከፋል። ስለዚህ የማሪብ ግድብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ አልተጠናቀቀም፤ ከሺህ ዓመት በላይ የቆየው ሲጠገንና ሲታደስ ነው።

ከእነዚህ ጥገናዎች ዝርዝሩ በደንብ የሚታወቀው የአብርሃ ሥራ ነው። አብርሃ ከዐፄ ካሌብ የ525 ዓ.ም. ዘመቻ በኋላ በየመን ሥልጣን የያዘ የአክሱም ሰው ነበር። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ548 በማሪብ ያቆመው ታላቅ የድንጋይ ጽሑፍ በረሕማን፣ በመሲሑና በመንፈስ ቅዱስ ስም ይጀምራል፤ የተጻፈው ግን በሳባውያን ቋንቋ ነው። ዐመፅ ተነሥቶ ሳለ የግድቡ መሰበር ተሰማ፤ አብርሃ ነገዶችን ለሥራ ጠራ፤ ወረርሽኝ ሲገባ ሰዎቹን አሰናበተ፤ ኋላ እንደገና ሰብስቦ ሥራውን ፈጸመ። በማሪብ ቤተ ክርስቲያን መቀደሱንም፣ ከአክሱም ንጉሥ፣ ከሮምና ከፋርስ መልእክተኞች መምጣታቸውንም ጽሑፉ ያወሳል። ለሠራተኞቹ የቀረበው ዱቄት፣ ተምርና የታረደው ከብት ሳይቀር በቁጥር ተመዝግቧል። ከዘመቻና ከድል እኩል የሠራተኛ ስንቅ የተጻፈበት ይህ ድንጋይ በትምህርት ቤቶቻችን ሰፊ ቦታ ሊሰጠው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ጥገናው ግን ብዙ አልቆየም። በዚያው ምዕተ ዓመት ማብቂያ አካባቢ ግድቡ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰበረ፤ መስኖው ቆመ፣ ሕዝቡም ወደ ሌላ አገር ፈለሰ። በ1986 ከአሮጌው በላይ በኩል አዲስ ግድብ ተመርቋል። በ2015 በየመን ጦርነት የጥንቱ የሰሜን በር በአየር ድብደባ ተጎድቷል። ዩኔስኮ በ2023 የማሪብን የሳባ ቅርሶች በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ በዚያው ጊዜ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብም አስገብቷቸዋል።