ባለ ራስ ቅሏን የእሳት ራት ማሳደግ

ጀርባዋ ላይ የራስ ቅል የሚመስል ምልክት ያለባት ትልቅ የእሳት ራት አለች፤ ሳይንሳዊ ስሟ አኬሮንቲያ አትሮፖስ ነው። ኑሮዋ በአፍሪካ ሲሆን በየዓመቱ ወደ አውሮፓ ትሻገራለች። በ2022 በወጣ ጥናት፣ ተመራማሪዎች እነዚህን የእሳት ራቶች ትንንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ አሸክመው ከጀርመኗ ኮንስታንዝ ከተማ ለቀቋቸውና ሌሊቱን በአውሮፕላን ተከተሏቸው። ነፋስ ቢገፋቸውም አቅጣጫቸውን ሳይስቱ ወደ አልፕስ ተራሮች አመሩ፤ እስከ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዙም ነበሩ። ከበረራው በላይ የሚደንቀኝ መነሻው ነው፤ ሁሉም ከአባጨጓሬነት ጀምሮ በሰው እጅ ያደጉ ነበሩ፤ መንገዱን ያሳያቸው ማንም የለም።

ማሳደጉ መጀመሪያ ላይ አያስቸግርም። ከእንቁላል የወጣው ትል ስድስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ፀረ ተባይ ያልነካው የድንች ቅጠል በየቀኑ ይቀየርለታል፣ ኩሱም ሻጋታ ሳያበቅል ይጠረጋል። አራት ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል። በዚያን ጊዜ መብላት አቁሞ ቅጠሉን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል፤ አላቆ ማንሳት ይጎዳዋል። ሲጠግብ 12 ወይም 13 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ጎኑ ላይ ሰያፍ መስመሮች፣ ጭራው ላይ ቆልመም ያለ ቀንድ አለው። ሲነኩት መንጋጋውን እያጋጨ ቀጭ ቀጭ ያሰኛል።

ከባዱ ነገር የሚመጣው መብላት ሲያቆም ነው። ቀለሙ ይደበዝዛል፤ በአፉ ፈሳሽ ገላውን እየቀባ ዕረፍት አጥቶ ይንከራተታል። የሚፈልገው አፈር ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ትንሽ እርጥበት ያለውና ጥልቅ። ውስጡ ገብቶ ባዶ ክፍል ያበጅና ወደ ሙሽሬነት፣ ማለትም በአባጨጓሬውና በባለ ክንፏ መካከል ወዳለው ደረጃ ይለወጣል። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ምን ደረሰ ብሎ አፈሩን ይቆፍራል። አዲስ ሙሽሬ ግን ቅርፊቱ ገና ስላልጠነከረ ትንሽ ግፊት ያበላሸዋል። መታገሥ ይሻላል።

ባለ ክንፏ ስትወጣ ሸካራ ነገር ላይ ወጥታ ክንፎቿን ቁልቁል መዘርጋት አለባት። ለስላሳ ግድግዳ ባለው ዕቃ ውስጥ ከሆነች ተንሸራታ ትወድቅና ክንፏ እንደተጨማደደ ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ አትበርም። ምግቧም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ምላሷ አጭርና ወፍራም ነው፤ በዱር የንብ ጠረን የሚመስል ሽታ ይዛ ቀፎ ውስጥ እየገባች ማር ትመጥጣለች። ስለዚህ አርቢው ቀስ አድርጎ ይዟት፣ የተጠቀለለ ምላሷን በመርፌ ይዘረጋና በውሃ የቀጠነ ማር ላይ ያሳርፍላታል።