ከደጋ በወረደ ውሃ የሚኖር ደን

ከሰንጋ ተራ ፎቆች ወጥቶ አየር መቀየር የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቢሾፍቱን ወይም ላንጋኖን ያስባል። ጥቂት ቀን ያለው ግን በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ ቢወርድ፣ በአገራችን እንደልብ የማይገኝ በከርሰ ምድር ውሃ የሚኖር ደን ያገኛል። ደኑ ያለው ከከተማው ግርጌ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በተቋቋመው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ብዙ ጎብኚ ለሜዳ አህያና ለጫሞ ሐይቅ አዞዎች ሲቸኩል በመኪና አቋርጦት ያልፋል።

አካባቢው ሞቃት ቆላ ነው፤ ዙሪያውን የሚታየውም ግራርና ቁጥቋጦ ነው። ታዲያ ፀሐይ የማያስገቡ ግዙፍ ዛፎች እዚህ እንዴት በቀሉ? ምስጢሩ በስተምዕራብ ካለው የጋሞ ደጋ ላይ ነው። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ጨንቻና በአካባቢዋ የሚጥለው ዝናብ ከፊሉ በአለት ስንጥቅ ወደ ምድር ይሰርጋል። ከዚያም 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከገደሉ ሥር፣ ምንጭ ሆኖ ይፈልቃል። ስለዚህ የዛፎቹ ሥር በበጋም ውሃ አያጣም። የአርባ ምንጭ ነዋሪም የሚጠጣው ከነዚሁ ምንጮች ነው።

በደኑ ውስጥ ሾላን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ፍሬው ከቅጠሉ መሐል ሳይሆን ከግንዱና ከወፋፍራም ቅርንጫፎቹ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። አበባው የተደበቀው በፍሬው ውስጥ ስለሆነ፣ ዘር እንዲይዝ የምታደርገው በጠባብ ቀዳዳ የምትገባ ደቃቅ ተርብ ናት። ዛፎቹ ሁሉ በአንድ ወቅት ስለማያፈሩ ዝንጀሮ፣ ጦጣና ወፍ ዓመቱን ሙሉ ሾላ አያጡም። ጉሬዛ ደግሞ ቅጠል የሚፈጭ ልዩ ጨጓራ ስላለው ኑሮው ከላይ ነው፤ ለመጠጥ እንኳ ብዙም አይወርድም።

ስለዚህ ጉብኝቱ በእግር፣ በማለዳና ቀስ ተብሎ ቢሆን ይመረጣል። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያ ክፍያ ከፍሎ ከፓርኩ ጠባቂ (ስካውት) ጋር መሄድ ነው። ለዝንጀሮ ምግብ መስጠት ግን ነውር ብቻ ሳይሆን ጉዳት ነው፤ እንስሳው ሰውን መዳፈር ይለምዳል፣ በኋላም ከገበሬ ማሳ ይገባል።

ደኑን የሚያሰጋው ለማገዶ የሚቆረጠው ዛፍ ብቻ አይደለም። የደጋው ተዳፋት ሲራቆት ዝናቡ ወደ ምድር መስረጉ ቀርቶ አፈር እያጠበ ይወርዳል፤ በደኑ መሐል የሚያልፈው ኩልፎ ወንዝም ያንን ደለል ወደ ጫሞ ያደርሳል። እዚህ ላይ ለጥበቃው ትልቁ ትምህርት አለ፤ አጥርና ዘበኛ ዛፉን ይጠብቁ ይሆናል፣ ምንጩን ግን የሚጠብቀው ከላይ እርከን የሚሠራው የጋሞ ገበሬ ነው። ከጎብኚው ኪስ የሚወጣው ገንዘብ እስከዚያ ገበሬ ድረስ መድረስ አለበት፤ ድካሙ ካልተከፈለው ደኑም ከተማውም አብረው ይጠማሉ።