የካላዛር መድኃኒቶችና የመድኃኒት ዝርዝር

በምሥራቅ ሱዳን የሚገኘው የገዳሪፍ ግዛት ከኢትዮጵያ ጋር የሚዋሰን ሰፊ የእርሻ ምድር ነው። አፈሩ መረሬ፣ የበጋው ፀሐይም እጅግ ብርቱ ነው። ዝናብ ሲጥል መሬቱ በማሽላና በሰሊጥ ይሸፈናል፤ ሰብሉ በሚደርስበትም ወራት ብዙ የቀን ሠራተኞች ከየአቅጣጫው ወደ እርሻው ይጎርፋሉ። ከድንበሩ ወዲህ ባለው በመተማና በሑመራ ቆላም ኑሮው ከዚህ እምብዛም የተለየ አይደለም። ከደጋው የሚወርዱ ሠራተኞች አረም ለማረምና ሰሊጥ ለማጨድ በየዓመቱ ወደዚያ ይጓዛሉ። ይህ ምድር የዕለት እንጀራ የሚገኝበት የመሆኑን ያህል ካላዛር የተባለ ክፉ በሽታም የሚገኝበት ነው። በሱዳን በዚህ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች ትልቁን ድርሻ የሚይዙት የገዳሪፍ ነዋሪዎች ናቸው።

የካላዛር ስም ከሕንድ አገር የመጣ ሲሆን የመጀመሪያው ቃል «ካላ» ጥቁር ማለት ነው። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ተሕዋሱን በ1903 እ.ኤ.አ. ሊሽማንና ዶኖቫን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች፣ አንዱ ከሌላው ተለይተው ባደረጉት ምርመራ፣ ለዓለም ስላስታወቁ «ሊሽማንያ ዶኖቫኒ» የሚል ስያሜ ተሰጥቶታል። ተሕዋሱን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው ከወባ ትንኝ በጣም የምታንሰው የአሸዋ ዝንብ ናት። በገዳሪፍና በአካባቢው ይህች ዝንብ የመረሬ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ውስጥና በግራር ዛፎች አካባቢ ትኖራለች፤ ከምሽት ጀምሮም እየወጣች ሰው ትነድፋለች። በመሆኑም በሜዳ የሚያድሩ ሠራተኞችና እረኞች ከሌላው ሰው ይበልጥ ለበሽታው የተጋለጡ ናቸው።

በካላዛር የተያዘ ሰው ለብዙ ሳምንታት ትኩሳት አይለቀውም። ሰውነቱ ይከሳል፣ ደሙ ያንሳል፣ ጣፊያውም እያበጠ ሆዱ ይነፋል። ሕክምና ካላገኘ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። በሽታው ከወባ ጋር ስለሚመሳሰል በቶሎ ሳይታወቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ለምሳሌ ያህል፣ በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ ሕዝቡን ያስጨነቀው ሕመም መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ሕመሙን ወደ ደጋው ያመጡት ለሥራ ወደ መተማና ሑመራ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች እንደሆኑ ይታመናል።

በምሥራቅ አፍሪካ ለብዙ ዘመን የበሽታው ዋና መድኃኒት ሆኖ የቆየው አንቲሞኒ ከተባለው ንጥረ ነገር የሚሠራው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ነው። ሕመምተኛው በተከታታይ ለ30 ቀናት መርፌ መወጋት ነበረበት። መድኃኒቱ ብዙ ሰዎችን ከሞት ያዳነ ቢሆንም ልብን፣ ጉበትንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ አንድ የቀን ሠራተኛ ለአንድ ወር ከሆስፒታል ሲተኛ የመከሩ ደመወዝ ያመልጠዋል፤ አስታማሚውም ሥራ ይፈታል።

ይህን ችግር ለማቃለል የምሥራቅ አፍሪካ ሀገሮች ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. በካርቱም ከተማ ተሰብስበው የጋራ የምርምር ማኅበር አቋቋሙ። የመጀመሪያው ዐቢይ ሥራቸው ፓሮሞማይሲን የተባለውን መድኃኒት ከቀድሞው መድኃኒት ጋር አጣምሮ መሞከር ነበር። ሁለቱ ሲጣመሩ ሕክምናው ከ30 ቀናት ወደ 17 ቀናት አጠረ፤ የፈውሱም መጠን ከቀድሞው ብዙ አልራቀም። ስለዚህ በ2010 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ይህ ጥምር ሕክምና በምሥራቅ አፍሪካ ቀዳሚ እንዲሆን መከሩ።

እዚህ ላይ የመድኃኒት ዝርዝር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕዝብ ጤና እጅግ አስፈላጊ የሆኑትን መድኃኒቶች የያዘ የመጀመሪያ ዝርዝር ያወጣው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ዝርዝሩ በየሁለት ዓመቱ ይታረማል፤ የተሻለ ሲገኝ ይጨመራል፣ ያረጀውም ይወጣል። ፓሮሞማይሲን በ2007 እ.ኤ.አ.፣ ሚልቴፎሲን የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. በዝርዝሩ ገብተዋል። ሀገሮችም ይህን መነሻ አድርገው የየራሳቸውን ዝርዝር ያዘጋጃሉ። በሀገር ዝርዝር ውስጥ መግባት ተራ የጽሕፈት ጉዳይ አይደለም። መንግሥት በበጀቱ የሚገዛውና ዋጋውን የሚደጉመው፣ ርዳታ ሰጪዎችም የሚያቀርቡት በአብዛኛው በዝርዝሩ የሰፈረውን ነው። ካላዛር የድሆች በሽታ በመሆኑ መድኃኒቱን የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ጥቂቶች ናቸው፤ በሽተኛውም በገዛ ገንዘቡ ሊገዛው አይችልም። በኢትዮጵያም ሆነ በሱዳን መድኃኒቱ ለሕመምተኛው ያለ ክፍያ እንዲሰጥ የተደረገው ስለዚህ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው አምቢሶም በሚል ስም የሚታወቀው መድኃኒት ነው። ከአንቲሞኒ ያነሰ ጉዳት ስለሚያደርስ ለእርጉዞች፣ ለሽማግሌዎችና እጅግ ለደከሙ ሕሙማን ይመረጣል። ነገር ግን ዋጋው ውድ ነው፤ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ሊቀመጥም አይገባውም። በገዳሪፍ ቆላ ይህን መጠበቅ ቀላል አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. አምራቹ ኩባንያ 445,000 ብልቃጥ በነጻ ለመስጠት ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ተዋውሏል፤ ርዳታው በኋላም ታድሷል።

መድኃኒት ሲለወጥ የሐኪሙ ኃላፊነትም ይለወጣል። ፓሮሞማይሲን የሚያዝ ሐኪም የሕመምተኛውን ጆሮና ኩላሊት መከታተል አለበት። ሚልቴፎሲን ፅንስን ስለሚጎዳ ለእርጉዝ ሴት አይሰጥም፤ ለመውለድ የደረሰች ሴትም በሕክምናው ጊዜና ከዚያም በኋላ ለተወሰኑ ወራት እርግዝናን መከላከል ይኖርባታል። የኤች አይ ቪ ቫይረስ ያለበት የካላዛር ሕመምተኛ በአንቲሞኒ መታከም አደጋ አለው። በጎንደርና በአብደራፊ የተካሄደው ምርምርም አምቢሶምና ሚልቴፎሲን ሲጣመሩ ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ የተሻሉ መሆናቸውን አሳየ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህንኑ መክሯል። እንግዲህ የጤና ባለሙያው የመመሪያውን ለውጥ ካልተከታተለ አዲሱ መድኃኒት በመጋዘን እያለ ሕመምተኛው በአሮጌው ሊጎዳ ይችላል።

ምርምሩ በዚህ አላበቃም። በገዳሪፍ ግዛት በዶካ፣ በኢትዮጵያ በጎንደርና በአብደራፊ እንዲሁም በኬንያና በኡጋንዳ ሚልቴፎሲንን ከፓሮሞማይሲን ጋር አጣምሮ ለ14 ቀናት የሚሰጥ ሕክምና ተሞክሯል። ውጤቱ ከ90 በመቶ በላይ ፈውስ ሲሆን ከ17 ቀኑ ሕክምና የሚያንስ አልሆነም፤ በየቀኑ የነበሩትም ሁለት መርፌዎች ወደ አንድ ወረዱ። ይሁን እንጂ በምርምር የተረጋገጠ ሕክምና ሁሉ ወዲያው ከሕሙማን ዘንድ አይደርስም። በመጀመሪያ በሀገር ዝርዝርና መመሪያ መግባት፣ ቀጥሎ መገዛት፣ ከዚያም መጓጓዝ አለበት። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የሀገሪቱ የጤና አገልግሎትና የመድኃኒት አቅርቦት በእጅጉ ተናግቷል። ብዙ ተፈናቃዮችም ወደ ገዳሪፍ ገብተዋል።

ካላዛር የሀገር ወሰን አያውቅም፤ የአሸዋ ዝንብም ሠራተኛውን ከየት መጣህ ብላ አትጠይቅም። በዚያው ዓመት የምሥራቅ አፍሪካ ሀገሮች በናይሮቢ ተሰብስበው በሽታውን በኅብረት ለማጥፋት የተስማሙት ይህን በመገንዘብ ነው። ባንግላዴሽ በ2023 እ.ኤ.አ. በሽታው የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን የተወገደባት የመጀመሪያዋ ሀገር ለመባል መብቃቷ ደግሞ ሥራው የሚቻል መሆኑን ያስረዳል። ነገር ግን በዝርዝር የሰፈረ መድኃኒት በዶካና በመተማ ጤና ጣቢያዎች መደርደሪያ ላይ ካልተገኘ፣ ያገኘውም ባለሙያ አሰጣጡን ካላወቀ፣ ትኩሳት ለያዘው ሠራተኛ ዝርዝሩ ከወረቀት አያልፍም።