የቅርብ ጠበል

አበው «የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል» ይላሉ። ባዕዱ ስንቁን ቋጥሮ፣ ሱባኤ ይዞ፣ ከሩቅ አገር በእግሩ መጥቶ በአክብሮት የሚጠመቅበት ውሃ፣ ለአጥቢያው ነዋሪ ልጥ የሚያርስበት ተራ ምንጭ ሆኖ ይቀራል ማለታቸው ነው። እኔና ባለቤቴ በሐረር ከተማ ሰባት ዓመት ስንኖር በከተማይቱ ላይ የፈጸምነው በደል ይኸው ነበር።

እንደ ብዙው የሠራዊት ቤተሰብ የምንኖረው ከግንቡ ውጭ ነው። ለእኔ ሐረር ማለት የካምፑ በር፣ የስምሪት መኪና የሚነሣበት ሜዳና ወደ ግዳጅ የሚወስደው መንገድ ነበረች። ለባለቤቴ ደግሞ የውሃ ወረፋ፣ የልጆች ትምህርት ቤትና የቅዳሜ ገበያ ነበረች። ወደ ጀጎል ብንገባም በርበሬና ሽንኩርት ሸምተን፣ ፀሐይ ሳይበረታ ለመመለስ የምንጣደፍ ነበርን። ቀና ብለን ያየነው ነገር አልነበረም።

ባለፈው ጥር የባለቤቴ ታናሽ እኅት ከደብረ ብርሃን ለጥየቃ መጣች። «ከተማችሁን አሳዩኝ» ባለችን ጊዜ እየተመካን ይዘናት ወጣን። ከቅጥሩ ሥር እንደደረስን ቆም አለችና «ይህን ግንብ ማን ሠራው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ሳላመነታ «የጥንት ሰዎች ናቸው» አልኋት። ካጠገባችን ማስቲካና ብስኩት ያዞር የነበረ፣ ዕድሜው ከዐሥር የማይበልጥ ልጅ ግን «አሚር ኑር ናቸው» ሲል መለሰላት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንግዳችን ጥያቄዋን ሁሉ የምታቀርበው ለልጁ እንጂ ለእኛ አልነበረም።

ከጥቂት ወራት በኋላ የዝውውር ትእዛዝ ደረሰኝ። ክረምቱ ሲወጣ ወደ ሌላ ምድብ እንድንሄድ ተወሰነ። ባለቤቴ ዜናውን በጸጥታ አዳመጠችና «እንግዲያው ሰባት ዓመት የኖርሁባትን ከተማ ሳላያት ልሄድ ነው?» አለች። የዓመት ፈቃዴን እንደ ልማዳችን ወደ ዘመድ አገር ሄደን እንዳናሳልፍ፣ የአራት ሰው የመንገድ ወጪና የስጦታው ብዛት ለጓዝ ማጓጓዣ ያስቀመጥነውን ሊጨርሰው ሆነ። ስለዚህ ከፈቃዱ አንዱን ቀን በገዛ ከተማችን ቱሪስት ሆነን ለማሳለፍ ተስማማን።

ደንብም አወጣን። አንደኛ፣ በዚያ ቀን ስለ ቤት ወጪና ስለ ዝውውሩ አይነሣም። ሁለተኛ፣ ያላወቁትን መጠየቅ ነውር አይደለም። ሦስተኛ፣ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ለአስጎብኚ ተገቢውን እንከፍላለን። ልጆቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥተን፣ እኔ የሲቪል ልብሴን፣ እርሷም ለበዓል የምታወጣውን ነጭ ቀሚሷን ለብሰን በማለዳ ወጣን።

የተነሣነው ከሸዋ በር ነው። አስጎብኚያችን የከተማው ተወላጅ የሆነ ጎልማሳ ሲሆን፣ ከየት እንደመጣን ቢጠይቀን ባለቤቴ ፈጠን ብላ «ከሩቅ» አለችው። ግንቡ የተሠራው በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ጊዜ መሆኑን፣ አሚሩም የኢማም አሕመድ የእኅት ልጅ እንደነበሩና ኢማሙ ከሞቱ በኋላ ባለቤታቸውን ባቲ ድል ወንበራን ማግባታቸውን ነገረን። የቅጥሩ ዙሪያ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። አምስት ጥንታውያን በሮች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ በር በሐረሪኛ አንድ፣ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ሌላ ስም አለው። የሸዋ በር በሐረሪኛ አስመዲን በሪ ይባላል። የኤረር በር አርጎብ በሪ ነው። የመኪናው መንገድ የሚገባበት ሰፊው በር ከጊዜ በኋላ የተከፈተ ስድስተኛ ነው። በየቀኑ ማለት ይቻላል በመኪና የማልፈው በዚያ በር ስለነበረ፣ ጥንታዊ ነው ብዬ ስገምት የኖርሁት እርሱን መሆኑን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

ወታደር ግንብ ሲያይ የሚፈልገው የተኩስ ቀዳዳና የጥበቃ ማማ ነው። ዓይኔን የሳበው ግን ከመሬት ጋር የተካከለ፣ ሰው ሊሾልክበት የማይችል ጠባብ ቀዳዳ ነበር። የውሃ መውረጃ መሆን አለበት ብዬ ብጠይቅ አስጎብኚው ፈገግ አለ። «የጅብ መግቢያ ነው። ሌሊት እየገቡ የከተማውን ቆሻሻና አጥንት ያጸዳሉ» አለን። ጠላት እንዳይገባ ግንብ የሠራ ሕዝብ ለአውሬ በር መተዉ እጅግ አስደነቀኝ። ባለቤቴ ግን አልተገረመችም፤ ቀዳዳውን እያየች ረዘም ላለ ጊዜ ቆመች። ምን እንደሆነች አልጠየቅኋትም።

ከዚያ በኋላ ወደ መካከሉ ዘለቅን። በመኪና ግርግር በኩል ስናልፍ የመንገዱ ስም ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የመጣ መሆኑን ሰማን፤ ልብስ ሰፊዎቹም ግራና ቀኝ ተደርድረው መንገዱን ያስተጋቡታል። ወዲያው አንዱ ቀና ብሎ «ሃምሳ አለቃ! ሱሪውን ሳትወስድ ወዴት ነው?» ሲል ጮኸብኝ። አስጎብኚያችን እኔንም ባለቤቴንም ተራ በተራ አየና ሳቁን ሊገታ አልቻለም። «ከሩቅ» መባሉ በዚያ አበቃ፤ ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ ይበልጥ ተጋልን። «ለባዕድ የማሳየውን ለጎረቤቴ ብነግረው ደስ ይለኛል» አለ።

ባለ ፎቁን የእንጨት ቤት ብዙዎች የራምቦ ቤት ይሉታል። አርቱር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ በ1873 ዓ.ም ወደ ሐረር ሲመጣ ዕድሜው ገና 26 ዓመት ሲሆን፣ ቅኔውን እርግፍ አድርጎ ትቶ በቡናና በቆዳ ንግድ ተሰማርቶ ነበር። ኋላም ጠመንጃ ወደ ሸዋ አምጥቶ ለንጉሥ ምኒልክ ሸጧል። ቤቱ ከእርሱ በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ መሆኑን አስጎብኚያችን ሳይደብቅ ነገረን። ዛሬ በውስጡ ስለ ባለቅኔው የሚናገር ዐውደ ርእይና የጥንቷን ሐረር የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ይገኛሉ። ከፎቶግራፎቹ በአንዱ የፈረስ መጋላን አደባባይ አይተን፣ እኛ የምንሸምትበትን ስፍራ ለመለየት ብዙ ተከራከርን። እንዲህ ደስ ብሎን የተከራከርንበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ግቢ ውስጥ ባለው ሙዚየም ደግሞ የእጅ ጽሑፍ ቁርዓኖች፣ ጎራዴዎች፣ የብር ጌጦችና የሐረር አሚሮች ያሳተሟቸው ሳንቲሞች ተሰብስበዋል። ሐረር የራሷ ገንዘብ የነበራት ከተማ መሆኗን ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ቅርስ ከየቤቱ ለቅሞ ያሰባሰበው አንድ የከተማው ተወላጅ መሆኑን ስሰማ፣ አገርን መጠበቅ በጠመንጃ ብቻ እንዳልሆነ ተገነዘብሁ።

ከሁሉ በላይ ልባችንን የነካው ግን የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ነው። ዋናው ክፍል ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ አምስት መደቦች አሉት፤ ነደባ ይባላሉ። አሚር ነደባ የሚባለው የአባወራው መቀመጫ ሲሆን፣ ሌሎቹም እንደ ዕድሜና እንደ ክብር የሚቀመጥባቸው አላቸው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት ሙዳዮችና በሳሕኖች ተሸፍኗል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከታየ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ቤቱን የሚያሳዩን እናት ባለቤቴን እጇን ይዘው ኪርታት ወደሚባለው ትንሽ ክፍል አስገቧትና ሙሽሮች የመጀመሪያዎቹን ቀናት በዚያ እንደሚያሳልፉ አጫወቷት። ሁለቱ ሲሳሳቁ ከውጭ ሰማሁ።

መደቦቹ በቀይ አፈር የተለሰኑ ናቸው። ምክንያቱን ብጠይቅ፣ በ1879 ዓ.ም በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን የከተማይቱን ልጆች ደም ለማስታወስ ነው የሚሉ መኖራቸውን እናቲቱ በዝግታ ነገሩኝ። በዚያ ውጊያ የአሚር አብዱላሂ ሠራዊት በንጉሥ ምኒልክ ጦር ተሸንፎ ሐረር ነጻ አሚርነቷን አጥታለች። እኔ ይህን ጦርነት በትምህርት ቤት በአንድ መስመር አልፌው ነበር። በተሸነፈው ወገን ቤት ተቀምጬ፣ ቡና ተፈልቶልኝ ስሰማው ግን ሌላ ሆነብኝ። የምላቸው ቃል አጣሁ። እርሳቸውም ቃል አልጠበቁም፤ ሁለተኛ ስኒ ቀዱልኝ። ሐረር በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የሰላም ከተማነት ሽልማት የተሰጣት፣ በ1998 ዓ.ም ደግሞ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች መሆኗን ከአስጎብኚያችን ቀደም ብዬ ሰምቼ ነበር። የሽልማቱ ትርጉም የገባኝ ግን በዚያች ሁለተኛ ስኒ ነው።

ሲመሽ ከግንቡ ውጭ ጅብ ወደሚቀለብበት ስፍራ ሄድን። በዓሹራ ዋዜማ ለጅቦች ቅቤ የጠገበ ገንፎ የሚቀርብበትና በአበላላቸው የመጪው ዓመት ሁኔታ የሚተነበይበት ልማድ በዚህች ከተማ አለ። በየማታው ለጎብኚዎች የሚታየው ግን በሥጋ ነው። ቀላቢው ተቀምጦ እያንዳንዱን በስም ሲጠራ፣ ከጨለማው ውስጥ ዓይኖች አበሩ። ቀጥሎም ትከሻቸው ከፍ፣ ወገባቸው ዝቅ ያለ ጅቦች አንድ በአንድ ቀረቡ። «የሚሞክር አለ?» ብሎ ሥጋ የተንጠለጠለበትን አጭር እንጨት ዘረጋ። እኔ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸሁ። ባለቤቴ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠችና እንጨቱን ተቀበለች። ትልቂቱ ጅብ መጥታ ሥጋውን ከእጇ ወሰደች። የእርሷ እጅ አልተንቀጠቀጠም፤ የተንቀጠቀጠው ስልክ ይዤ ፎቶግራፍ ላነሣት የሞከርሁት የእኔ እጅ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ «እንዴት አልፈራሽም?» አልኋት።

«ፈርቼ ጨርሼዋለሁ» አለችኝ። በሁለተኛው ዓመት፣ እኔ በግዳጅ ላይ ሳለሁ፣ የቤታችን መቀርቀሪያ ተሰብሮ ነበር። ጅቦቹ ከደጅ ቆሻሻውን ሲበታትኑ፣ እርሷ ሣጥኑን በሩ ላይ አስደግፋ፣ ልጆቹን ከኋላዋ አድርጋ ስንት ሌሊት ተቀምጣ እንዳደረች ነገረችኝ። «ዛሬ ጠዋት ያንን ቀዳዳ ሳይ፣ የከተማው ሰዎች አውቀው የሚያስገቧቸው ከሆነ ያን ያህል ክፉዎች ባይሆኑ ነው ብዬ አሰብሁ» አለች።

«ስደውልልሽ ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ‹ደኅና ናችሁ?› ትላለህ፤ እኔም ‹ደኅና ነን› እላለሁ። ሌላ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

መልስ አልነበረኝም። አሚር ኑርን የማያውቅ ሰው መሆኔ አሳፍሮኝ ነበር፤ ይህ ግን ከዚያ የከበደ ሆነብኝ። ሁለተኛውን ደንባችንን ያወጣሁት እኔው ስለነበርሁ፣ ያላወቅሁትን ለመጠየቅ ጀመርሁ። ካምፑ በር እስክንደርስ ድረስ ጠየቅኋት፤ እርሷም መለሰችልኝ። ልጆቹን ከጎረቤት ስንወስድ ሌሊቱ ገፍቶ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሐረርን ለማስተዋወቅ ብቻ አይደለም፤ ሐረር የእኔን ብዕር አትሻም። በየምድቡ ያሉ የሠራዊት ቤተሰቦች ይህንኑ እንዲሞክሩት ለማሳሰብ ነው። በጎንደር ያለ የፋሲልን ግቢ፣ በባሕር ዳር ያለ የጣናን ገዳማት፣ በመቀሌ ያለ የአፄ ዮሐንስን ቤተ መንግሥት በእግሩ ደርሶ ያየ ስንቱ ነው? ወጪው ከአንድ ቀን የመዝናኛ ክበብ ሒሳብ የሚበልጥ አይደለም። የአስጎብኚውን ዋጋ አስቀድሞ መነጋገር፣ ሰው ቤት ሲገቡ ጫማ ማውለቅ፣ ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ይበቃል። ከሁሉ በላይ ግን ሁለት ሆኖ መሄድና እርስ በርስም መጠየቅ ያስፈልጋል።

እኛ መስቀልን አሳልፈን ወደ አዲሱ ምድባችን እንጓዛለን። ጓዛችንን በማሰር ላይ ነን። ባለቤቴ ከጀጎል የገዛችውን አንዲት ትንሽ የሐረር ሙዳይ ከሁሉ በላይ እንድትጫን አዝዛለች። በአዲሱ ከተማ የመጀመሪያው እሑድ ምን እንደምንሠራ ከአሁኑ ተወስኗል፤ ሰባት ዓመት አንጠብቅም።