ስለ ብርድ ኀይልና አስቀድሞ ስለ መዘጋጀት

ክረምት የሚለው ቃል በኢትዮጵያ ሰው ጆሮ ሲሰማ ወዲያው የሚታሰበው ዝናም፣ ጭቃ፣ የሞላ ወንዝና የታረሰ መሬት ነው። በባሕረ ሐሳብ ሥርዓትም ክረምት ከሰኔ 26 ቀን ጀምሮ እስከ መስከረም 25 ቀን ድረስ የዝናምና የዘር ወራት ተብሎ ተወስኗል። በሰሜን ርቀው ለሚኖሩ ሕዝቦች ግን ክረምት ማለት ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ፀሓይ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ታይታ የምትጠልቅበት፣ ውሃ እንደ ደንጊያ የሚጠነክርበት፣ ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ዕራቁቱን የሚቆምበት ወራት ነው። በግዕዝ መጻሕፍት በረድ፣ አስሐትያ፣ ሐመዳ፣ ቍር የሚሉት ስሞች ይገኛሉ፤ ሊቃውንቱም ትርጓሜያቸውን ያውቃሉ። ነገር ግን ስሙ የተሰጠው ነገር በእውነት ምን ያህል ኀይል እንዳለው ጠንቅቆ የሚያውቀው ከብርዱ መካከል የሚኖር ሰው ነው። ስለዚህ የነዚህን ሕዝቦች አኗኗር መመርመር ለወሬ ያህል ብቻ ሳይኾን ለሥራም የሚጠቅም ትምህርት ይሰጣል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የታሪክ ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

በምድር ላይ እስከ ዛሬ ከተለካው ብርድ ሁሉ የበለጠው በደቡብ ዋልታ ቮስቶክ በሚባለው የምርመራ ጣቢያ በሐምሌ 21 ቀን 1983 የተመዘገበው ነው፤ ልኩም ከዜሮ በታች 89 ዲግሪ ከ2 ነበር። ነገር ግን በዚያ ስፍራ ለምርመራ ከሚላኩ ሊቃውንትና ከረዳቶቻቸው በቀር ነዋሪ የለም። ሰው ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ከብት አርብቶ በሚኖርበት ምድር ግን በብርድ የታወቀችው በሩስያ ግዛት በሲቤርያ ምሥራቅ የምትገኘው ያኩትያ ናት። በዚያች አገር ቬርኾያንስክ በምትባለው ከተማ በየካቲት 1892 ከዜሮ በታች 67 ዲግሪ ከ8፤ ኦይምያኮን በምትባለው መንደር ደግሞ በየካቲት 1933 ከዜሮ በታች 67 ዲግሪ ከ7 ተለክቷል። ዋናይቱ ከተማ ያኩትስክ ከ3 መቶ ሺሕ የሚበልጥ ሕዝብ አላት፤ የጥር ወር አማካይ ብርዷም ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ ገደማ ነው። ይሁን እንጂ በሐምሌ ወር በዚያችው ከተማ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ።

የዚህ ሁሉ መለዋወጥ ምክንያት የታወቀ ነው። ምድር 23 ዲግሪ ተኩል ገደማ ወደ ጎን አዘንብላ ፀሓይን ስለምትዞር፣ ሰሜኑ ክፍል ወደ ፀሓይ ሲያዘነብል በዚያ በጋ ይኾናል፤ በደቡቡም ክፍል ያን ጊዜ ብርድ ይኾናል። ቮስቶክ በሐምሌ ወር እንዲህ የቀዘቀዘው ስለዚህ ነው። ነገር ግን የፀሓይ ነገር ብቻውን አይበቃም፤ የባሕርም ቅርበትና ርቀት ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በኖርዌይ ዳርቻ ያለችው ትሮምሶ የምትባል ከተማ ከያኩትስክ ይልቅ ወደ ሰሜን ርቃ ሳለች፣ ከደቡብ የሚመጣው ሞቃት የባሕር ፈሳሽ ዳርቻዋን ስለሚያሞቀው የጥር ብርዷ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ያኩትያ ግን ከሞቃት ባሕር የራቀች ስለ ኾነች፣ ከባዱ ቀዝቃዛ አየር በተራሮች መካከል ባለው ሸለቆ ተኝቶ ሳይንቀሳቀስ ይከርማል።

የያኩትያ ሕዝብ በዚህ ብርድ ውስጥ ለብዙ ዘመናት የኖረበት ጥበብ የሚደነቅ ነው። የቀድሞው ቤታቸው ባላጋን ይባላል። ግድግዳው በእንጨት ቆሞ በጭቃና በእበት ይመረጋል፤ የከብቱም ጋጣ ከሰው መኖሪያ ጋራ ተያይዞ ይሠራ ነበር። የኢትዮጵያ ደገኛ ባላገር ይህን ቢያይ እንግዳ ነገር አይኾንበትም፤ እርሱም ጭቃና እበት ነፋስ እንደሚከላከል፣ የከብትም ትንፋሽ ቤት እንደሚያሞቅ ያውቃልና። ለመስኮት መስታወት በማይገኝበት ዘመን ከወንዝ የተቈረጠ ጥርት ያለ በረዶ በመስኮቱ ላይ ይገጥሙ ነበር፤ ብርሃን ያስገባል፤ ነፋስ ግን አያሳልፍም። የሚጠጣውንም ውሃ ወንዙ ገና መርጋት ሲጀምር በረዶውን እንደ ጥርብ ደንጊያ እየጠረቡ ያከማቹና በክረምቱ በጥቂት በጥቂቱ እያቀለጡ ይጠጣሉ። እንዲህ ብርዱን ጠላት ብለው ብቻ አልተዉትም፤ አገልጋይም አደረጉት። የረጋው የሌና ወንዝ በክረምት የመኪና መንገድ ይኾናል፤ ከመሬት በታች የተቈፈረውም ጓዳ ሥጋና ዓሣ ሳይበላሽ ያቈያል።

በዚያ አገር ምድሩ ራሱ ከላይ ጥቂት ክንድ ያህል በበጋ ከመቅለጡ በቀር ከዓመት እስከ ዓመት እንደ ረጋ ይኖራል። ከ1828 እስከ 1837 ድረስ ሼርጊን የተባለ የንግድ ማኅበር ሠራተኛ በያኩትስክ ውሃ አገኛለሁ ብሎ 116 ሜትር ያህል ጕድጓድ አስቈፈረ፤ የረጋውን ምድር ግን አልጨረሰውም። ጕድጓዱ ውሃ ባይሰጥም ዕውቀት ሰጠ፤ ሚደንዶርፍ የተባለው ሊቅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወርዶ የምድሩን ቅዝቃዜ በየጥልቀቱ ለካ። ከዚህ ዓይነት ምርመራ በተገኘው ትምህርት መሠረት ዛሬ በያኩትስክ ትልልቅ ቤቶች በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ከመሬት ከፍ ብለው ይሠራሉ። ይኸውም የቤቱ ሙቀት ምድሩን አቅልጦ ቤቱ እንዳይሰምጥ ነው። የሙቅ ውሃ ቧንቧዎችም በዚሁ ምክንያት ከመሬት በላይ ተዘርግተው ይታያሉ። ትምህርት ቤቶችም ብርዱ ስንት ዲግሪ ሲደርስ ታናናሾቹ፣ ስንት ሲደርስ ታላላቆቹ ከቤት እንዲውሉ አስቀድሞ የተወሰነ ደንብ አላቸው፤ ስለዚህ በብርዱ ቀን ወላጅም መምህርም አይታወክም።

ስለ ልብስም ቢኾን የሚከተሉት ሥርዓት አለ። አንድ ወፍራም ልብስ ከመልበስ ይልቅ ብዙ ልብስ መደረብ ይሻላል፤ የሚያሞቀው ጨርቁ ብቻ ሳይኾን በድርቡ መካከል ተይዞ የሚቀረው አየር ነውና። ጋቢ ከነጠላ ይልቅ የሚያሞቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጫማቸውን ከአጋዘን እግር ቆዳ፣ ቆባቸውን ከቀበሮ ጠጕር ይሠራሉ። ባዶ እጅ ብረት አይነካም፤ ቆዳ ከብረቱ ጋራ ይጣበቃልና። በብርድ የደነዘዘን እጅና እግር በበረዶ ማሸት ወይም በእሳት ላይ ማንደድ ጕዳቱን እንደሚያብስ ሐኪሞች ያስተምራሉ፤ የሚሻለው ለብ ባለ ውሃ ቀስ አድርጎ ማሞቅ ነው። እንዲሁም መጠጥ ሰውነትን ያሞቃል የሚባለው ስሕተት ነው፤ መጠጥ ደምን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ሰውየው የሞቀ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የውስጥ ሙቀቱን እያባከነ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ የሚገለጠው ነገር ብርድ በራሱ የሰው ገዳይ አለመኾኑን ነው። ገዳዩ ያልተዘጋጁለት ብርድ ነው። ለዚህም ታሪክ ብዙ ምስክር አለው። ናፖሌዎን በሰኔ 1812 ከ4 መቶ ሺሕ በላይ ሠራዊት ይዞ ወደ ሩስያ ገባ። ብዙ ሰው ሠራዊቱን ብርድ ብቻ ያጠፋው ይመስለዋል፤ ነገር ግን በበጋው ሙቀት፣ በረኃብና በበሽታ ከሠራዊቱ ብዙው ብርድ ሳይመጣ አልቆ ነበር። በመስከረም 14 ቀን ሞስኮ ከገባ በኋላ እስከ ጥቅምት 19 ቀን ድረስ ተቀምጦ ጊዜውን አሳለፈ። ሲመለስም ከፈረሶቹ የሚበዙት በበረዶ ላይ የማያንሸራትት የብረት ጫማ ስላልተመታላቸው በየዳገቱና በየቍልቍለቱ ወደቁ፤ ፈረስ ሲወድቅ መድፉ ቀረ፤ ስንቁ ቀረ፤ ቍስለኛውም ቀረ። የፈረስ ጫማ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን ትንሹን ነገር በጊዜው ያላሰበ ትልቁን ነገር ያጣል።

ይህ የጥንት ታሪክ ነው እንዳይባል፣ በዘመናዊ ዕውቀትና በሀብት በታወቀችው በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት በየካቲት 2021 የኾነውን መመልከት ይበቃል። በዚያ ወር በዳላስ ከተማ ብርዱ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ገደማ ደረሰ። እንዲህ ያለ ቀን በያኩትስክ ቢውል ሕፃናት ለጨዋታ የሚወጡበት ነው። በቴክሳስ ግን የጋዝ ጕድጓዶችና የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ለብርድ ስላልተዘጋጁ ረግተው ቆሙ። የጋዙ መሣሪያ ያለ ኤሌክትሪክ፣ የኤሌክትሪኩም መሣሪያ ያለ ጋዝ አይሠራምና አንዱ ሌላውን ይዞት ወደቀ። ከ4 ሚሊዮን ተኩል በላይ ቤቶች መብራትና ማሞቂያ አጡ፤ የውሃ ቧንቧዎችም ፈነዱ። የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት ባወጣው ቍጥር የሞቱት ሰዎች 246 ናቸው። ከነዚህም የሚበዙት በብርድ ሲሞቱ፣ ለመሞቅ ብለው በተዘጋ ስፍራ እሳት በማንደዳቸው ወይም ሞተር በማስነሣታቸው በጢስ መርዝ የሞቱም ነበሩ። የሚያሳዝነው ግን ከዐሥር ዓመት በፊት በ2011 በዚያው ግዛት ተመሳሳይ ችግር ደርሶ፣ መሣሪያው ሁሉ ለብርድ እንዲዘጋጅ መርማሪዎች በጽሑፍ መክረው ነበር፤ ምክሩ ግን ግዴታ አልኾነም። የሚያስገድደው ሕግ የወጣው ሰው ከሞተ በኋላ በ2021 ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምሳሌ በዚህ ስፍራ ትርጓሜው ይታያል።

የሙቀትም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። በነሐሴ 2003 በፓሪስ ሙቀቱ ከ39 ዲግሪ አለፈ፤ በዚያ በጋ በኤውሮጳ አገሮች በሙቀቱ ምክንያት የሞተው ሰው ከ70 ሺሕ በላይ መኾኑን ሊቃውንት ቈጥረዋል። ብዙዎቹ ዘመድ ለዕረፍት ወደ ሌላ ስፍራ ሄዶባቸው ብቻቸውን በቤት የቀሩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ነበሩ። በኢትዮጵያ በአፋር ምድር ግን እንዲህ ያለ ሙቀት የተለመደ ነው። በደናክል ዝቅታ ያለችው ዳሎል ከ1960 እስከ 1966 ድረስ ሲለካ የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ 34 ዲግሪ ተኩል ገደማ ኾኖ ተገኝቷል፤ በዓለም ከተመዘገበው አማካይ ሁሉ የበለጠ የተባለው ይህ ነው። አፋሮች ግን ነፋስ የሚያሳልፍ የሰሌን ቤት ሠርተው፣ የቀትሩን ጊዜ በጥላ አሳልፈው፣ በቀዝቃዛው ሰዓት ግመላቸውን እየነዱ ጨው ሲነግዱ ኖረዋል። እንግዲህ 39 ዲግሪ በፓሪስ የሞት ምክንያት ሲኾን በአፋር የዘወትር ቀን ነው፤ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪም በዳላስ መቅሠፍት ሲኾን በያኩትስክ የጨዋታ ቀን ነው። ልዩነቱ ከቴርሞሜትሩ ቍጥር ሳይኾን ከሰዎቹ ዝግጅት ነው። የፈረንሳይ መንግሥትም ይህን ተረድቶ በ2004 ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ስማቸው በየከተማው ሹም ዘንድ እንዲመዘገብና በሙቀት ቀን እንዲጠየቁ ሥርዓት አቆመ። መድኀኒቱ ውድ መሣሪያ ሳይኾን መዝገብና ጠያቂ ነበር።

ይህም ሲኾን የለመደ ሰው ሁልጊዜ ዐውቄአለሁ ብሎ ሊተኛ አይገባውም። በብርዷ የታወቀችው ቬርኾያንስክ በሰኔ 20 ቀን 2020 የሙቀቷ ልክ 38 ዲግሪ ደረሰ፤ የዓለም የአየር ጠባይ ድርጅትም መርምሮ በሰሜን ዋልታ ክበብ ውስጥ ከተለካው ሁሉ የሚበልጥ መኾኑን በ2021 አጸደቀ። በአንዲት ከተማ በብርዱና በሙቀቱ መካከል ከ105 ዲግሪ በላይ ልዩነት መገኘቱ ያስደንቃል። የዓለም አየር እየሞቀ በመሄዱ ለብዙ ዘመን የረጋው ምድር በየስፍራው እየቀለጠ፣ በላዩ የቆሙት ቤቶች እየተሰነጠቁ ነው። ብርድን ያሸነፉት ሰዎች ዛሬ ሙቀትን መማር ግድ ኾኖባቸዋል።

ኢትዮጵያም ሁሉ ዐይነት አየር የሚገኝባት አገር ናት። አባቶች ምድሪቱን ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ ብለው የለዩት ለስም ብቻ ሳይኾን እያንዳንዱ ምድር የራሱ ቤት፣ የራሱ ልብስና የራሱ ዘር እንዳለው ስላወቁ ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በራስ ደጀን አጠገብ የሚኖር ገበሬ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ገብሱን እንዳያቃጥልበት ይሠጋል፤ ሕፃናትና ሽማግሌዎችም የሚጐዱት በዚያው ወራት ነው። በከተማም ብርድ ሲበረታ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት አለ፤ በቴክሳስ ሰው የገደለው የጢስ መርዝም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሽታ ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

ስለዚህ አገረ ገዢ፣ የመሥሪያ ቤት ሹም፣ የደብር አለቃ እያንዳንዱ በየስፍራው ብርዱ ሳይመጣ የሚያስበው ሥራ አለው። በአጥቢያው ብቻዋን የምትኖር ባልቴት ማን ናት? ልብስ የሌለው ልጅ የማን ነው? ከሰል በተዘጋ ቤት እንዳይነድ ለሕዝቡ የነገረው ማን ነው? የውርጩ ወር ሳይደርስ ለገበሬው ምክር ደርሶለታልን? ይህን ለመጠየቅ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የአየርን ጠባይ ሰው በትእዛዝ አይለውጠውም፤ የራሱን ዝግጅት ግን ሊለውጥ ይችላል። የያኩትያ ሰው ወንዙ መርጋት ሲጀምር የሚጠጣውን በረዶ ጠርቦ የሚያከማቸው ጥማት እስኪይዘው ስለማይጠብቅ ነው።